የጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ለአስቸጋሪ አካባቢዎች (ኢትዮጵያ)

ለአስቸጋሪ አካባቢዎች የሚሰጥ የጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ሐኪሞችን፣ ነርሶችን፣ የጤና መኮንኖችንና ሌሎች የጤና ሠራተኞችን ከሆስፒታል ርቀው ለሚሰጡት ሕክምና የሚያዘጋጅ ትምህርት ነው። አስቸጋሪ የሚባለው መብራት፣ ንጹሕ ውሃና መንገድ የሌለበት፣ ሙቀቱ ወይም ከፍታው የበረታ፣ ወይም ወረርሽኝ፣ ድርቅና ጦርነት የገባበት ቦታ ነው። በሌላው ዓለም ይህ የትምህርት ዘርፍ አብዛኛውን ጊዜ ከተራራ መውጣት፣ ከዋልታ ምርምር ጣቢያዎችና ከጠፈር ጉዞ ጋር ተያይዞ ይነሣል። በኢትዮጵያ ግን አስቸጋሪው አካባቢ የጥቂት ተጓዦች መዳረሻ ሳይሆን ብዙ ሕዝብ ተወልዶ የሚያድግበት አገር ነው። ስለዚህ ሥልጠናው ለልዩ ጉዞ የሚደረግ ዝግጅት ሳይሆን የአገሪቱ የጤና ትምህርት ዋና ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል።

የዘመናዊ ሕክምና ትምህርት በኢትዮጵያ የጀመረው በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ነው። ከእነዚህም አንዱ በዛሬው አራዳ ክፍለ ከተማ፣ ስድስት ኪሎ አጠገብ የሚገኘው የካቲት 12 ሆስፒታል ነው። ሥልጠናው ከከተማ ወጥቶ ሕመሙ ወዳለበት መሄድ የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ነው።

የአካባቢዎቹ ጠባይ

የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር በአፋር ዝቅተኛ ስፍራ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በሰሜን ተራሮች ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚህ ልዩነት ውስጥ የሚሠራ የጤና ባለሙያ በአንድ የሥራ ዘመን ቆላንም ደጋንም ሊያይ ይችላል።

የመጀመሪያው ችግር የበሽታዎች ስርጭት ነው። ወባ በኢትዮጵያ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች የሚተላለፍ በሽታ ነው። አራዳና ፒያሳ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። ስለዚህ በአዲስ አበባ የሚማር ተማሪ ወባን የሚያየው ከቆላ ተጉዞ በመጣ ሕመምተኛ ላይ ነው። ካላዛር የሚባለው በሽታም እንዲሁ በመተማና በሁመራ ቆላ ይበዛል፤ ብዙ ጊዜ የሚያጠቃውም ለእርሻ ሥራ ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን ነው። ተማሪው የሚሠለጥንበት ቦታና በሽታው የሚገኝበት ቦታ አለመገናኘታቸው ከዚህ በታች የተጠቀሱት የሥልጠና ለውጦች ሁሉ መነሻ ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። በአፋር፣ በሶማሌና በጋምቤላ ቆላማ ቦታዎች ሙቀት ሰውን ብቻ ሳይሆን መድኃኒትንም ይጎዳል። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለባቸው። ከወሊድ በኋላ ደም የሚያቆመው ኦክሲቶሲንም በሙቀት ኃይሉን ያጣል። ማቀዝቀዣው ከቆመ መርፌው ቢሰጥም ጥቅም አይሰጥም፤ ይህንንም በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ከቆላ በፍጥነት ወደ ከፍተኛ ተራራ የሚወጣ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ሊገጥመው ይችላል። ነዋሪው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል የተመራ ቡድን ባወጣው ጥናት፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የሰሜን ኢትዮጵያ ደገኞች የሄሞግሎቢን መጠንና በደማቸው ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሙሌት በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ በአንዲስና በቲቤት ነዋሪዎች ከታየው የተለየ ነው። ከሌላ አገር በመጣ የመማሪያ መጽሐፍ ብቻ የተማረ ባለሙያ እንዲህ ያለውን ልዩነት ሊያውቅ አይችልም።

አራተኛው ርቀት ነው። መኪና በማይደርስበት ገጠር ሕመምተኛ የሚጓዘው በቃሬዛ፣ በበቅሎ ወይም በሰው ጀርባ ነው። በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ቃሬዛ የሚሸከመው ጎረቤት ነው፤ ተራውንም እድርተኛው ይከፋፈላል። ምጥ የጠናባት እናት ወይም ደም የሚፈሰው ቁስለኛ ሆስፒታል እስኪደርስ የሚያልፈው ጊዜ በሕይወቱ ላይ ይወስናል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚያገኘው ባለሙያ ማን እንደሆነና ምን እንደሚያውቅ ወሳኝ ነው።

ታሪክ

ከዓድዋ እስከ ቤተ ሳይዳ

በቀድሞ ዘመን ከጦር ጋር የሚዘምቱት ሐኪሞች ወጌሻዎችና መድኃኒት አዋቂዎች ነበሩ። የተሰበረ አጥንት በሸንበቆና በጨርቅ ማሰር፣ የወለቀ መመለስና ቁስል መተኮስ የእነርሱ ሥራ ነበር። እውቀቱ የሚተላለፈው ከአባት ወደ ልጅ ወይም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ነው።

ከዓድዋ ጦርነት (የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.) በኋላ በጄኔራል ኒኮላይ ሽቬዶቭ የተመራ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ለማከም ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በ1888 ዓ.ም. የክረምት ወራት አዲስ አበባ ደርሶ ሥራ ጀመረ። ቀጥሎም የሩሲያ ሆስፒታል በከተማይቱ ተቋቋመና እስከ እ.ኤ.አ. 1906 ድረስ አገልግሎት ሰጠ። ብዙም ሳይቆይ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተከፈተ።

በዘመናዊ ሕክምና የተመረቀ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በመቅደላ ጦርነት ጊዜ (እ.ኤ.አ. 1868) በልጅነታቸው በእንግሊዝ መኮንኖች ተወስደው በሕንድ አደጉ። ሕክምናን በላሆር ተምረው በበርማ አገልግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1899 ወደ አገራቸው ሲመለሱ የያዙት እውቀት ከአውሮፓ ከተማ ሆስፒታል ይልቅ በሞቃት አገር፣ በሩቅ ጣቢያ የተገኘ ነበር።

በ1910ዎቹ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በስድስት ኪሎ አጠገብ ቤተ ሳይዳ የተባለውን ሆስፒታል አሠሩ። ስዊድናዊው ዶክተር ክኑት ሃነር ለብዙ ጊዜ መርተውታል። ሆስፒታሉ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል፣ ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ የካቲት 12 ሆስፒታል ተብሏል። በዚያ ዘመን በከተማይቱ ሆስፒታሎች ከውጭ ሐኪሞች ሥር የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ድሬሰር ይባሉ ነበር። ቁስል ማጠብና ማሰር፣ መርፌ መውጋትና መድኃኒት ማዘጋጀት የሚማሩት በሥራ ላይ እያሉ ነው።

ቀይ መስቀልና የ1928ቱ ጦርነት

የኢጣልያ ወረራ መቃረቡ ሲታወቅ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። የዋና ጸሐፊነቱን ሥራ የያዙት በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የሠሩት ሚሲዮናዊ ሐኪም ቶማስ ላምቢ ነበሩ። በአዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ የመሩት የሴቶች ማኅበር ፋሻና ቀላል የጋዝ መከላከያ ጭምብል ያዘጋጅ ነበር። ከእንግሊዝ፣ ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከፊንላንድ፣ ከኔዘርላንድስና ከግብጽ የሕክምና ቡድኖች መጡ። አምቡላንስ የሚባሉት እነዚህ ቡድኖች መኪናዎች ብቻ አልነበሩም፤ ድንኳን፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ሐኪምና ረዳት ያላቸው ተንቀሳቃሽ ሆስፒታሎች ነበሩ። ቁስለኛ የሚያነሡት፣ የሚያስተረጉሙትና ፋሻ የሚያስሩት ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ጦርነቱ ምንም ሥልጠና አስቀድሞ ያላሰበውን ሁኔታ አመጣ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ የአሜሪካውያን ሆስፒታል ተመታ። በታኅሣሥ 20 ቀን በገናሌ ወንዝ አቅራቢያ መልካ ዲዳ ላይ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር የሚመሩት የስዊድን አምቡላንስ ተደበደበ። ሂላንደር ቆሰሉ፤ የሥራ ባልደረባቸው ጉናር ሉንድስትሮም ሞቱ፤ በድንኳኖቹ ውስጥ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሕሙማንም ተገደሉ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ አምቡላንስ በቆረም አቅራቢያ ተመታ።

በሰናፍጭ ጋዝ የተቃጠሉ ቁስለኞችን ማከም ለሐኪሞቹም ለረዳቶቹም አዲስ ነበር። ጋዙ በሣርና በቅጠል ላይ ተኝቶ ይቆያል፤ በባዶ እግሩ የሚሄድ ወታደር በሰዓታት ውስጥ እግሩ ይቆስላል። ቁስለኛውን የሚነካ ረዳትም ልብሱን ካላስወለቀና ገላውን ካላጠበ ራሱ ይጎዳል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ መልእክተኛ የነበሩት ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም ማርሴል ጁኖ ያዩትን በኋላ በመጽሐፍ ጽፈዋል።

የካቲት 12 እና ከነጻነት በኋላ

በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የተሞከረውን ግድያ ተከትሎ በአዲስ አበባ በተፈጸመው እልቂት፣ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ተለይተው ታድነዋል። የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ወንዶች ልጆችም ከተገደሉት መካከል ነበሩ። ከስድስት ኪሎው ሐውልት አጠገብ ያለው ሆስፒታል ዛሬ የሚጠራበት ስም የመጣው ከዚህ ቀን ነው። ለጤና ትምህርት የነበረው ውጤት ግልጽ ነው፤ ከነጻነት በኋላ አገሪቱ የሠለጠነ ሰው ማፍራትን እንደ አዲስ መጀመር ነበረባት።

ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን የነርስነት ሙያ ተምረው ተመርቀው ተመልሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 በነቀምቴ ሳሉ በወሊድ ምክንያት ሞቱ። የንጉሠ ነገሥት ልጅና የተመረቀች ነርስ እንኳን ከዋና ከተማ ርቃ በወሊድ ልትሞት መቻሏ የችግሩን ስፋት ያሳያል። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ።

እ.ኤ.አ. በ1949 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት በስድስት ኪሎው ሆስፒታል ተመሠረተ። ትምህርት ቤቱ በአገሪቱ ለመደበኛ የነርስነት ትምህርት መሠረት ጥሏል። ሥልጠናው ግን የሆስፒታል ሥልጠና ነበር፤ ነርሷ የምትማረው አልጋ፣ ዶክተርና መድኃኒት ቤት ባለበት ቦታ ነው።

የጎንደር ትምህርት ቤት

እ.ኤ.አ. በ1953 በጣና ሐይቅ ሰሜን በሚገኘው የደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7,000 ያህል ሰዎች ሞቱ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች በአብዛኛው የውጭ አገር ዜጎች ነበሩ፤ የሚኖሩትም በከተማ ነው። ሐኪም እስኪበቃ መጠበቅ እንደማይቻል ወረርሽኙ አሳየ።

በሚቀጥለው ዓመት የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ጋር በመተባበር በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን ከፈተ። ይህ ተቋም የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረት ነው። ኮሌጁ ያሠለጠነው ሐኪሞችን ሳይሆን አብረው የሚሠሩ ሦስት ባለሙያዎችን ነበር፦

የጤና መኮንን፦ የጤና ጣቢያ ኃላፊ። የተለመዱ በሽታዎችን መርምሮ ያክማል፤ ክትባትንና ወረርሽኝን ይከታተላል።

የኅብረተሰብ ነርስ፦ የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና ትከታተላለች፤ ቤት ለቤት ትጎበኛለች፤ ታዋልዳለች።

ሳኒታሪያን፦ የውሃ ምንጭን፣ መጸዳጃን፣ የቄራንና የገበያን ንጽሕና ይቆጣጠራል፤ ትንኝ የሚራባበትን ቦታ ያስደርቃል።

የትምህርቱ ልዩነት ቦታው ነበር። ተማሪዎቹ ከሆስፒታሉ ወጥተው ወረርሽኙ በደረሰባት በደምቢያ፣ በቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ይሠለጥኑ ነበር። የሦስቱ ሙያ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ይላካሉ፤ አብረው ያድራሉ፤ የቀበሌውን ችግር ራሳቸው ቆጥረውና አጥንተው መፍትሔ ያቀርባሉ። የቡድን ሥልጠና ተብሎ የሚታወቀው ይህ አሠራር ዛሬም በኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ትምህርት ውስጥ ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ1983 የተከፈተው የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋምም ኅብረተሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት በሚል መርሕ የራሱን መንገድ አዳብሯል።

እ.ኤ.አ. በ1958 እንደገና በአገሪቱ ደጋማና ወይና ደጋ ቦታዎች ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደታመሙና 150,000 ያህሉ እንደሞቱ ተገምቷል። ወባ ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ አንዳንድ ቦታዎች ጭምር መድረሱ በሽታውን የቆላ ብቻ አድርጎ ማስተማር እንደማያዋጣ አስተምሯል።

ፈንጣጣን ማጥፋት

እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረው ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ለመስክ ሥልጠና ትልቅ ትምህርት ቤት ሆነ። ሳኒታሪያኖች፣ የጤና ረዳቶችና የውጭ በጎ ፈቃደኞች በእግር፣ በበቅሎና በሄሊኮፕተር እየተጓዙ በሽታውን ከመንደር መንደር ተከታተሉ። ብራዚላዊው ሐኪም ሲሮ ዴ ኳድሮስ በመስክ ሥራው ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው።

ዘመቻው የተሳካው በሁለት ቀላል ነገሮች ነው። አንደኛው በሙቀት የማይበላሽ የደረቀ ክትባት፣ ሁለተኛው ጫፉ ሹካ መሳይ የሆነ መርፌ ነው። መርፌውን መጠቀም በጥቂት ደቂቃ መማር ስለሚቻል፣ ከአካባቢው የተመለመሉ ወጣቶች ሳይቀሩ ከታቢ መሆን ቻሉ። በአርብቶ አደሩ አካባቢ መንገዱን፣ የውሃ ጉድጓዱንና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ከመጣ ባለሙያ የተሻለ ይሠራል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 በደቡብ ምሥራቅ በረሃማ ክፍል ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህንኑ ሐሳብ በአገር ደረጃ አሰፋው። በመጀመሪያ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶች ከየቀበሌያቸው ተመልምለው ለአንድ ዓመት ይሠለጥኑ ነበር፤ ከዚያም ሁለት ሁለት ሆነው 5,000 ያህል ሰው በሚያገለግል ጤና ኬላ ይመደቡ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ሠልጥነዋል።

ፕሮግራሙ በመጀመሪያ የተነደፈው በአንድ ቦታ ለሚኖር አርሶ አደር ነበር። በአፋርና በሶማሌ ግን ቤተሰቡ ከከብቱ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ አሥረኛ ክፍል የደረሱ ሴቶችም ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ ለአርብቶ አደር አካባቢ የመግቢያው መስፈርት ዝቅ ተደረገ፤ ወንዶችም ሠለጠኑ፤ ከሕዝቡ ጋር የሚጓዙ ተንቀሳቃሽ የሕክምና ቡድኖችም ተጨመሩ።

ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና

የገጠር ሆስፒታሎች ዋና ክፍተት ቀዶ ሐኪም ማጣት ነበር። ይህንን ለመሙላት እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንኖች ሥልጠና ተጀመረ። ልምድ ያላቸው የጤና መኮንኖች በሦስት ዓመት የማስተርስ ትምህርት የወሊድ ቀዶ ሕክምናን፣ የተቀደደ ማሕፀንን፣ የትርፍ አንጀትን፣ የአንጀት መዘጋትንና የአደጋ ጉዳትን ማከም ይማራሉ። የሚመደቡትም በአብዛኛው በወረዳ ሆስፒታሎች ነው።

በዚሁ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተማሪዎቹን ከገጠር ተቀብሎ ከምረቃ በኋላ ወደመጡበት አካባቢ ይመልሳል። የኮሌጁ መሥራቾች በፌስቱላ ሕክምና ላይ በነበራቸው ልምድ፣ ጉዳቱን ከማከም ይልቅ በምጥ ጊዜ የሠለጠነ ሰው በአካባቢው ማግኘት እንደሚቀድም ተረድተው ነበር።

የሥልጠናው ይዘት

ትምህርቱ ከተቋም ተቋም ቢለያይም የሚከተሉት ነጥቦች በአብዛኛው ይገኙበታል።

ሕሙማንን መለየት፦ ትሪያጅ የሚባለው አሠራር ብዙ ቁስለኛ በአንድ ጊዜ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታከመውን የመምረጥ ዘዴ ነው። የሚጮኸው ሁልጊዜ የባሰበት አይደለም፤ ዝም ያለውና ትንፋሹ የተለወጠው ሊቀድም ይችላል።

በእጅ ባለው መሥራት፦ የተሰበረ እግርን በእንጨት መደገፍ፣ ቃሬዛን ከሁለት አጣናና ከጋቢ መሥራት፣ ያለ ጊዜው የተወለደን ሕፃን ማሞቂያ ሣጥን በሌለበት በእናቱ ደረት ላይ አስተኝቶ ማሞቅ፣ የሕፃንን የምግብ እጥረት በክንድ መለኪያ ጥብጣብ መለየት ይጠቀሳሉ።

ማደንዘዣ፦ ኬታሚን የተባለው መድኃኒት ትንፋሽን ብዙ ስለማያዳክም የኦክስጅን መሣሪያ በማይበቃበት ቦታ በሰፊው ይሠራበታል።

የሙቀት ጉዳት፦ የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሕመምተኛው ሲቃዥ ወይም ራሱን ሲስት ወዲያው በውሃ ማርጠብና ማራገብ ያስፈልጋል። ማቀዝቀዙ ከጉዞው በፊት ይጀመራል።

የእባብ ንክሻ፦ ቦታውን መብጣት፣ መምጠጥና አጥብቆ ማሰር ጉዳቱን ያብሳል። የተነከሰውን እግር ወይም እጅ ሳያንቀሳቅሱ ደግፎ በፍጥነት ማጓጓዝ ይመከራል።

የቅዝቃዜ ሰንሰለት፦ ክትባትን በበረዶ ሣጥን መያዝ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ ምልክቱን ማንበብና በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማቀዝቀዣን መንከባከብ።

ማስተላለፍ፦ መቼ ማከም፣ መቼ መላክ እንደሚገባ መወሰን። ሕመምተኛን ሳያረጋጉ መላክ በመንገድ ላይ ሊገድለው ይችላል፤ አዘግይቶ መላክም እንዲሁ።

ከሕዝብ ጋር መሥራት፦ ከአገር ሽማግሌ፣ ከሃይማኖት አባትና ከልምድ አዋላጅ ጋር መነጋገር። በርቀት ያለ ባለሙያ ሸካሚም፣ አስተርጓሚም፣ ደም ለጋሽም የሚያገኘው ከእነርሱ ነው።

የመማሪያ መጻሕፍት እጥረት ለረጅም ጊዜ ችግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረውና በካርተር ማዕከል የተደገፈው የኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ሥልጠና ፕሮግራም ኢትዮጵያውያን መምህራን በአገራቸው በሽታዎችና ሁኔታዎች ላይ የተመሠረቱ የማስተማሪያ ጽሑፎችን እንዲያዘጋጁ አድርጓል።

የድንገተኛ ሕክምናና አምቡላንስ

በከተማም ቢሆን ከሆስፒታል በፊት የሚሰጥ ሕክምና ዘግይቶ ነው የመጣው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ907 ነጻ የስልክ ቁጥር የአምቡላንስ አገልግሎት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ የነበሩት ክብረት አበበ ጠብታ አምቡላንስን መሥርተው የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በድንገተኛ ሕክምና የሐኪሞች ስፔሻሊቲ ሥልጠና ተከፈተ።

የካቲት 12 ሆስፒታል ዛሬ የሕክምና ኮሌጅ ነው፤ በቃጠሎ ሕክምናውም ይታወቃል። ከልዩ ልዩ አካባቢ የሚላኩ የቃጠሎ ጉዳተኞች የሚደርሱት ብዙ ጊዜ ዘግይተው ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በጤና ጣቢያ የተሰጠው ፈሳሽና የቁስል እንክብካቤ እዚህ የሚገኘውን ውጤት ይወስናል።

ችግሮችና ክርክሮች

የጎንደር ሥልጠና ከጅምሩ አንድ ጥያቄ ይነሣበት ነበር፤ የጤና መኮንን የሐኪም ምትክ ነው ወይስ ራሱን የቻለ ሙያ? ብዙ የጤና መኮንኖች በገጠር ካገለገሉ በኋላ ሕክምና ለመማር ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሌጁ ወደ ሕክምና ፋኩልቲነት ሲለወጥ የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ። በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደገና ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ደግሞ 5,000 የጤና መኮንኖችን ለማፍራት በተያዘ ዕቅድ በሆስፒታሎች ጭምር በስፋት ተሰጠ።

ሁለተኛው ክርክር ብዛትና ጥራት ነው። መንግሥት የባለሙያ ፍልሰትን ብዙ በማሠልጠን ለመቋቋም ሞክሯል። የተማሪው ቁጥር ከመምህሩና ከሆስፒታል አልጋው በላይ ሲያድግ ግን ተማሪ በእጁ የሚሠራበት ዕድል ይቀንሳል፤ በሩቅ ጤና ጣቢያ ብቻውን ለሚቆም ባለሙያ ደግሞ የእጅ ልምድ ከሁሉ ይበልጣል።

ሦስተኛው ማቆየት ነው። አዲስ ተመራቂዎች ለረጅም ጊዜ በዕጣ ወደ ክልሎች ይመደቡ ነበር፤ ሩቅ ቦታ የደረሰው የግዴታ አገልግሎቱ ዓመታት ያንሱለት ነበር። ይህ ሰውን ወደ ቦታው ቢያደርስም ለማቆየት ብቻውን አልበቃም። የመኖሪያ ቤት፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የደመወዝና የተጨማሪ ትምህርት ዕድል ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ከገጠር የመጣና በገጠር የሠለጠነ ባለሙያ በገጠር የመቆየቱ ዕድል ከፍ ያለ መሆኑን በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያም ተማሪዎችን ከገጠር መመልመልንና ትምህርት ቤቶችን ከዋና ከተሞች ውጭ መክፈትን መክሯል። ጎንደር ይህንን መንገድ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀድማ ጀምራዋለች።

በተጨማሪ ይዩ

የካቲት 12 ሆስፒታል
ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል
የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር
ጎንደር ዩኒቨርሲቲ
ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ
ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ
ወባ